የማይሸጥ ጥሪት፦ የሊማሊሞ መንገድና የበቅሎ ነጋዴዎች

ኢይዝራኤላዊው ናቡቴ፣ ንጉሡ አክዓብ በወይኑ ቦታ ምትክ የተሻለ የወይን ቦታ ወይም ዋጋውን በብር ልስጥህ ቢለው፣ ከአባቶቹ የወረሰውን ርስት አሳልፎ መስጠትን እንደ በደል ቈጥሮ እንቢ በማለቱ፣ በሐሰት ምስክር ተከሶ በድንጋይ ተወግሮ እንደ ሞተ በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፎ ይገኛል። ይህ ቃል በወገራና በስሜን አድባራት በሚነበብበት ጊዜ የሀገሩ ገበሬ ትርጓሜ ሳያሻው ወዲያው ይረዳው ነበር፤ እርሱም ራሱ በእናቱም በአባቱም በኩል ቈጥሮ የሚያገኘውን መሬት ለባዕድ መሸጥን እንደ ነውር የሚያይ፣ ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይመለሳል እያለ ያደገ ሰው ነውና። እርግጥ በጎንደር አድባራት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የመሬት ሽያጭ ውል ከነምስክሩ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ በመናገሻው ከተማ መሬት ጨርሶ አይሸጥም ነበር ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ከከተማው ወጥቶ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ለሚዘልቅ ሰው የሀገሩ ልብ የናቡቴ ልብ ነበር።

ስለ ርስት ብዙ ተጽፏል። ስለ ነጋዴው ግን፣ በተለይም ንግዱን እንደ ርስት ስለ ወደደው፣ ቢለምኑትም ቢያስፈራሩትም ስለማይሸጠው ነጋዴ እጅግ ጥቂት ነው የተጻፈው። በአዝመራው የሚኮራው ገበሬ፣ በጋሻው የሚኮራው ወታደር፣ በክህነቱ የሚከበረው መነኩሴና ደብተራ፣ ሁሉም ነጋዴን ዝቅ አድርገው ያዩት ስለ ነበረ፣ ታሪክ ጸሓፊውም እንደነርሱ ዐይኑን ከነጋዴው ላይ አነሣ። እኔ ደግሞ የዚህን ሀገር የንግድ ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር አንድ ነገር ይታየኛል፤ በዚህ አውራጃ ንግድንና እጅ ሥራን አጥብቀው የወደዱት፣ ለልጅ ልጅም ያስተላለፉት፣ በአብዛኛው መሬት የተነፈጉት ሰዎች ናቸው።

ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1668 እ.ኤ.አ. በጎንደር ባስደረጉት ጉባኤ እስላሞችና ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲኖሩ መታዘዙ ይታወቃል። ከዚያም በፊት፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በስሜን አምቦች መሽገው ሲዋጉ የኖሩት ቤተ እስራኤሎች መሪያቸው ጌዴዎን ከተገደለ በኋላ ኀይላቸው ተሰብሮ ከርስታቸው ተነቅለው ነበር። መሬት የሌለው ሰው ምን ይይዛል? ጀበርቲ የሚባለው እስላም ነጋዴ ሚዛኑንና በቅሎውን ያዘ፤ ቤተ እስራኤሉ ወናፉንና መዶሻውን፣ ሚስቱም የሸክላውን ጭቃ ያዘች። ንጉሥ ሊቀማው፣ ወንድም ሊከፍለው፣ ዳኛም ሊያስለቅቀው የማይችለው ርስት በእጅና በአእምሮ የሚያዝ ርስት ብቻ ነበርና፣ እነርሱ በዚህ ላይ ፍቅራቸውን ሁሉ አፈሰሱ።

የዚህ ፍቅር መንገድ ሊማሊሞ ነበር። ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የወገራን ደጋ፣ ገብሱንና ስንዴውን፣ ባቄላውንም ግራና ቀኝ እያየ፣ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ዳባትን፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ደባርቅን ያገኛል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናትና፣ እስከዚህ ድረስ መንገዱ የነፋስና የብርድ መንገድ ነው። ከደባርቅ ጥቂት አለፍ ሲሉ ግን ምድር በድንገት ትከዳለች፤ ገደሉ ከእግር ሥር ይከፈትና መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል፤ ከዚያም ተከዜን ተሻግሮ ወደ አድዋ፣ ከአድዋም ወደ ምጽዋ ይቀጥላል። የጎንደር ከተማ ከውጭው ዓለም ጋር የምትገናኝበት አንዱ ትልቅ በር ይኸው ነበር፤ ሌላው በመተማ ወደ ስናር የሚወስደው ነው። በዚህ ዳገት አሞሌ ጨው፣ የሕንድና የግብጽ ጨርቅ፣ ሐር፣ ጨሌ፣ ቁንዶ በርበሬ ወጣበት፤ ወርቅ፣ ዝባድ፣ ሰም፣ የዝሆን ጥርስና ቡና ወረደበት።

ሰውም ወረደበት። ስለማይሸጥ ነገር የሚጽፍ ሰው ይህን ሸፍኖ ማለፍ አይገባውም። በዚያው ቁልቁለት፣ በዚያው የበቅሎ ኮቴ ዱካ ላይ፣ ከደቡብና ከምዕራብ የተፈነገሉ ልጆች እንደ ዕቃ ተቈጥረውና ቀረጥ ተከፍሎባቸው ወደ ባሕር ተነድተዋል። በቅሎውን እንደ ልጁ የሚወድ ነጋዴ የሰውን ልጅ ሲሸጥ እጁ አለመንቀጥቀጡ የዘመኑ ትልቅ እርግማን ነው፤ የዚያን ዘመን ንግድ ማመስገን የሚሻ ሁሉ ይህን ከምስጋናው አጠገብ ማኖር አለበት።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1769 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከምጽዋ አካባቢ ተነሥቶ፣ አድዋን አልፎና ተከዜን ተሻግሮ፣ በየካቲት 1770 ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ሲገባ፣ ጉዞው ሦስት ወር ያህል ወስዶበታል። በመጽሐፉ ውስጥ የዳገቱን አስቸጋሪነትና የቀረጥ ተቀባዮቹን ነገር፣ ደጋውን ከወጣ በኋላም የወገራን የእህል ሀገርነት ጽፎልናል። የነጋዴ ቅፍለት በኬላ ላይ ቀናትን ማሳለፉ በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ኬላ ጠባቂው የፈለገውን ያህል ሊያዘገይ ይችል ነበርና፣ ነጋዴው ከትዕግሥት በቀር መሣሪያ አልነበረውም። ስለዚህም ነጋዴዎች ለየብቻቸው አይጓዙም፤ ነጋድራስ የሚባል አለቃ መርጠው፣ ከርሱ ጋር ወጥተው ከርሱ ጋር ይሰፍራሉ፤ ከገዥውና ከቀረጥ ተቀባዩ ጋር የሚነጋገረውም እርሱ ነው። ይህ ማዕርግ ኋላ የመንግሥት ሹመት ሆኖ፣ በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ እንደ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ያለ ስለ ሀገሩ ሀብት አጥብቆ ያሰበ ሊቅ ተጠርቶበታል። መጀመሪያው ግን ዳገት ላይ ነው።

የሲራራ ነጋዴ ጥሪቱ ምን ነበር? ዕቃው አይደለም፤ ዕቃው በየገበያው ይለዋወጣል። በቅሎውም ብቻ አይደለም። ጥሪቱ የማን ቤት እንደሚታደርበት፣ የቱ ምንጭ በጥቅምት እንደሚደርቅ፣ የትኛው ሹም በምን እንደሚለዝብ፣ የትኛው የጎንደር ባለሱቅ ዕቃውን በአደራ ወስዶ ከዓመት በኋላ ገንዘቡን ሳያጓድል እንደሚመልስ ማወቅ ነበር። ይህ ዕውቀትና ይህ አመኔታ ለሌላ ሰው በብር ሊሸጥ አይችልም፤ ሰውዬው ራሱ ካልተሸጠ በቀር ከማን ጋር ይሸጣል? ለልጅ ብቻ፣ ወይም ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮ ለተጓዘ አሽከር ብቻ፣ በእግር እየሄዱ በዓመታት ውስጥ የሚተላለፍ ነው። ልጁ በመጀመሪያው ዓመት ከኋላ ሆኖ በቅሎ ይነዳል፤ በሁለተኛው ጭነት ይይዛል፤ ጢሙ ሲያቀመቅም ሚዛኑን ይነካል። እንዲህ ያለ ንግድ የሚወረስ ንግድ ነው፤ ፍቅሩም ከዚሁ የመነጨ ነው እንጂ ከትርፉ ብቻ አይደለም።

ይህን ፍቅር በዐይን ለማየት የሚሻ ሰው ዛሬም ቢሆን ጎሕ ሲቀድ የደባርቅ ጫኞች ሲጭኑ ይመልከት። ሁለት ሰዎች በበቅሎዋ ግራና ቀኝ ይቆማሉ። አስቀድመው የጀርባዋን ፀጉር በመዳፋቸው እየዳሰሱ ያስተኛሉ፤ ከደላንደሉ ሥር የገባች አንዲት ጠጠር ወይም እሾህ እስከ ማታ ድረስ ቆዳውን ልጣ ቁስል ታወጣለችና፣ ገጣባ በቅሎ ያለው ሰው ደግሞ በመንደሩ ሁሉ ፊት ያፍራል። ደላንደሉን ጥለው ካስተካከሉ በኋላ ሁለቱን ጭነት አንሥተው በክንዳቸው እየመዘኑ፣ ከከበደው ቀንሰው በቀለለው ላይ እየጨመሩ፣ አቻ እስኪሆን ድረስ ይደክማሉ። ከዚያም መጫኛውን በሆድዋ ሥር አሳልፈው፣ አንዱ ጉልበቱን በጭነቱ ላይ ተክሎ፣ ሌላው ወደ ኋላ ተስቦ ያጠብቃሉ። በቅሎ ስትጫን ሆድዋን በትንፋሽ ነፍታ ስለምትይዝ፣ ያልሠለጠነ ሰው የጫነው ጭነት መንገድ ሳይጋመስ ይላላል፤ የሠለጠነው ግን ጥቂት እርምጃ አስኪዶ፣ ትንፋሽዋን ስታወጣ ጠብቆ፣ ዳግመኛ ይስበዋል። ለቁልቁለቱ ደግሞ ጭነቱ ወደ አንገት እንዳይንሸራተት በጅራትዋ ሥር የሚያልፈው ጠፍር አለ፤ ይህም ሥጋዋን እንዳይቆርጠው በጨርቅ ይጠቀለላል። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ይነጋገራሉ፤ ከርስዋም ጋር ጭምር ይነጋገራሉ።

በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች የሚለው ተረት የሚነገረው ለኩሩ ሰው መዝለፊያ ቢሆንም፣ በውስጡ የነጋዴውን ሐዘን የሚነካ እውነት አለ። በቅሎ ከአህያና ከፈረስ ተወልዳ ራስዋ አትወልድም። ገበሬው ከሚወዳት ላም ጥጃ፣ ከጥጃዋም ጊደር እያለ የአንዲቱን ላም ዘር ለልጆቹ ያወርሳል፤ ባለበቅሎው ግን የሚወዳት ሰጋር በቅሎ በሞተች ጊዜ ከርስዋ የሚቀርለት ልጓምዋና ኮርቻዋ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ንግድ በየትውልዱ እንደገና የሚገዛ፣ እንደገና የሚገራ፣ እንደገና የሚወደድ ነበር። የሚወረሰው ማወቁ ነው።

የልጓሙ ብረት ከማን ይመጣ እንደ ነበረም መናገር ይገባል። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውንና ልጓሙን ለወገራ ገበሬና ለሊማሊሞ ነጋዴ ሲቀጠቅጡ የኖሩት የቤተ እስራኤል ባለእጆች ናቸው፤ ጋኑን፣ እንስራውንና ምጣዱንም ሴቶቻቸው ሠርተው ወደ ገበያ ያወጡ ነበር። ያለነርሱ ማረሻ የማያርስ፣ ያለነርሱ ምጣድ እንጀራ የማይበላ ሕዝብ፣ ቡዳ ናቸው እያለ ከማዕዱ አርቋቸው ኖረ። እነርሱ ግን ወናፉን ከአባት ወደ ልጅ አስተላለፉት። ቀጥቃጭነት በሀገሩ ሕግ ውርደት ሆኖ ሳለ በቤታቸው ውስጥ ማዕርግ ነበረና፣ ሙያውን ጥሎ በሌላ መተዳደር የሚቻልበት ጊዜ ሲመጣ እንኳ ብዙዎች አልጣሉትም። በ1980ዎቹና በ1991 እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል በሄዱ ጊዜ መንደራቸው ባዶ ቀረ፤ ሀገሩም የናቃቸውን ጥበበኞች አጣ።

በዚህ በሊማሊሞ መንገድ ቀረጥ ላይ መንግሥት የሠራ ሰውም ነበር። ደጃዝማች ውቤ ኀይለ ማርያም ስሜንንና ትግራይን አንድ አድርገው ሲገዙ ከተከዜ ማዶና ወዲህ ያለው ንግድ በእጃቸው ነበር፤ ነፍጥም የገባላቸው በዚሁ በምጽዋ በኩል ነው። በስሜን ያሠሯት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ዛንደር በሥራዋ የተሳተፈባት፣ ለራሳቸው ንግሥ የተዘጋጀች ነበረች ይባላል። ነገር ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. እዚያው ደረስጌ ላይ በደጃዝማች ካሳ ኀይሉ ተሸንፈው ተያዙ፤ ካሳም ከጥቂት ቀን በኋላ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ውቤ የደከሙበት ሁሉ በሦስት ቀን ውስጥ የሌላ ሆነ። የነጋዴው ዕውቀት ግን ከውቤ ወደ ቴዎድሮስ ሲዞር ያልተማረከ ሀብት ሆኖ፣ ጌታ በተለዋወጠ ቁጥር ያንኑ ዳገት ይወጣና ይወርድ ነበር።

ለሲራራ ነጋዴ ሞት የመጣው ከጦር አይደለም፤ ከመኪና ነው። ኢጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን ከያዙ በኋላ ከአስመራ ወደ ጎንደር የሚወስደውን የመኪና መንገድ በሊማሊሞ ገደል ላይ ቈርጠው አወጡት። ያንን ገደል እያየ የመሐንዲሶቹን ጥበብ የማያደንቅ የለም፤ እኔም አደንቃለሁ፤ ነገር ግን መንገዱ የተሠራው ለሠራዊታቸው ነበር። በገደሉ አፍ ላይ ወልቀፊት የተባለውን ምሽግ ሠርተው ብዙ ወራት ከያዙት በኋላ፣ በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከበው በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጃቸውን ሰጡ። ጠላት ሄደ፤ መንገዱ ቀረ። ሳምንታት የሚፈጀውን ጉዞ ካሚዮን በቀናት የሚያደርሰው ሲሆን፣ አሞሌውም በወረቀት ብርና በሳንቲም ሲተካ፣ ከሊማሊሞ ሥር እስከ ጎንደር የተዘረጋው የማደሪያ ቤት ሰንሰለት ተበጣጠሰ። አንዳንዱ ነጋዴ በቅሎዎቹን ሸጦ ሱቅ ከፈተ። አንዳንዱ ግን የመኪና መንገድ ወደማይደርስበት፣ ወደ ጃናሞራና ወደ በየዳ፣ ጨርቅና ጨው ጭኖ መውጣቱን ቀጠለ፤ ዋጋው እየወደቀ፣ ድካሙ እንዳለ ሆኖ። ይህን ሞኝነት የሚሉ አሉ። እኔ ሞኝነት አልለውም፤ የመንገዱ ዕውቀት በነዚያ ሰዎች እጅ ባይቆይ ኖሮ ቀጥሎ የመጣው አይመጣም ነበርና።

ቀጥሎ የመጣው ተራራውን ራሱን ለማየት የሚመጣ እንግዳ ነው። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ስሜንን ጐብኝቶ ዋልያን ለዓለም የሳይንስ መጻሕፍት ካስተዋወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በጥቅምት 1962 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። በ1978 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የዓለም ቅርሶችን መዝገብ ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች መካከል ከላሊበላ ጋር ተጻፈ። እንግዳው ድንኳኑን፣ ስንቁንና አልጋውን ይዞ ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር፣ ከዚያም ወደ ግጭና ወደ ጨነቅ ሲወጣ በቅሎ አስፈለገው። አባቶች ጨው የጫኑበት ደላንደል ልጆች የእንግዳ ድንኳን ጫኑበት። መሪው፣ ጠመንጃ ያዡ ስካውት፣ ወጥ ቤቱና ባለበቅሎው በየማኅበራቸው ተደራጅተው ተራ እየጠበቁ መሥራት ያዙ። በዚሁ ተራራ በመሪነት ሥራ የኖሩ ሰዎች ከውጭ ሀገር አጋር ጋር ሆነው፣ በተጠቀጠቀ አፈር ግድግዳ ያቆሙትን ሊማሊሞ ሎጅን በገደሉ አፍ ላይ እስከ መሥራት ደረሱ። እንግዲህ የሊማሊሞ ስም ከኬላነት ወደ ማረፊያነት ተመለሰ።

የመሬቱ ነገር ግን እዚህም ተከትሎ መጣ። ፓርኩ በ1996 እ.ኤ.አ. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ለመውጣት ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ በውስጡ የሚታረሰውና የሚጋጠው መሬት እንዲቀንስ ነበር። ብዙው ነዋሪው እስላም የሆነው የግጭ መንደር በ2016 እ.ኤ.አ. ካሳ ተሰጥቶት ወደ ደባርቅ ተነሣ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ዋልያው በዚያን ጊዜ የተሻለ ጥበቃ ማግኘቱ ደስ የሚያሰኝ ነበር። ነገር ግን አያት ቅድመ አያቱ በተቀበሩበት ደጋ ገብሱን ሲዘራ የኖረ ሰው ካሳውን በእጁ ይዞ ከተማ ዳር ሲቆም፣ የሚቀረው ርስት ደግሞ ያው የጥንቱ ነው፤ መንገዱን ማወቅ፣ በቅሎ መጫን፣ እንግዳ ማሳደር። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የጀበርቲው ታሪክ በልጅ ልጆቹ ዘመን ዳግመኛ ተጻፈ።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉም የሚያውቀው ነው። የኮሮና ወረርሽኝ በ2012 ዓ.ም. እንግዳውን አስቀረ። በ2013 ዓ.ም. ማለቂያ በትግራይ የተነሣው ጦርነት ደባርቅና ዳባት ደጃፍ ደረሰ፤ በዳባት አጠገብ በጭና ተክለ ሃይማኖት የሰላማዊ ሰው ደም ፈሰሰ። ቀጥሎም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገዱን ደጋግሞ ዘጋው። በዚህ ሁሉ ጊዜ በቅሎ ገብስና ድርቆሽ ትበላለች፤ ሥራ የለም ብላ ጦም አታድርም። እንዲህ ባለ ዘመን በቅሎውን ያልሸጠ ሰው ስሌቱ ጠፍቶት አይደለም። አንድ ጊዜ ከሸጣት፣ ከርስዋ ጋር ልጁ ከኋላ እየነዳ የሚማርበት መንገድ እንደሚሸጥ ያውቃል። ሸጦ ልጆቹን ያበላውንም ሰው ማንም ሊወቅሰው አይገባም፤ ናቡቴ ርስቱን አልሸጥም ያለው ልጆቹ እየተራቡ ነበር ተብሎ አልተጻፈምና።

የሚወቀስ ካለ፣ ይህን ጥሪት የባለቤቱ የግል ፍቅር ብቻ አድርገን የተውነው እኛ ነን። የገበሬውን ርስት የሚዘረዝር መዝገብ በየአድባራቱ መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ተጽፏል፤ የነጋዴውንና የባለበቅሎውን ርስት ግን የጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ በደባርቅ ዩኒቨርሲቲና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ላሉ የታሪክ መምህራንና ተማሪዎች የማቀርበው ልመና አለኝ፤ ከዛሪማ እስከ ወገራ የነበሩትን የጥንት ማደሪያዎች፣ የምንጮቹን ስም፣ የጭነቱን ሥርዐት፣ የአደራውን ውል፣ ከግጭ የተነሡትንም ሰዎች ቃል፣ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ዳባትና ደባርቅ ገበያ ወርዳችሁ ጻፉልን።